የ1966ቱን የሠራተኞች አድማ በድራማ ማስተማር፦ አድማን መድረክ ላይ እንዴት ነው የምታሳየው?

ጠመኔ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከወንጂ ብዙም በማይርቅ ከተማ። አንድ ክፍል ውስጥ 58 ተማሪ አለኝ። ቢያንስ የአሥሩ አያት ወይ አባት ሸንኮራ ላይ የሠራ ነው። እነዚህን ልጆች ስለ ዓድዋ ጠይቃቸው፣ የጦር አዛዦቹን ከነፈረስ ስማቸው ይጠሩልሃል። ስለ የካቲት 66 ጠይቃቸው፣ ተማሪና ወታደር ይሉሃል። ሠራተኛው የለም። አያቱ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ልጅ እንኳ «የሠራተኛ ታሪክ» ስትለው «እሱ ደግሞ ታሪክ አለው እንዴ?» የሚል ፊት ነው የሚያሳይህ።

አልፈርድባቸውም። እኔም ስማር አንድ መስመር ነበረች። ታክሲ ነጂው፣ መምህሩና ሠራተኛው አድማ መቱ፣ ካቢኔው ወረደ፣ ደርግ መጣ። አለቀ።

ዘንድሮ በድራማ ልሞክረው አስቤአለሁ። ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 የቆየውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ነው የምፈልገው። ለሚያዝያ 23 የሚደርስ፣ ከ25 ደቂቃ የማይበልጥ። በጀት ዜሮ። መብራት አንዳንዴ አለ።

ከዚህ በፊት አንዴ ሞክሬ ከሽፎብኛል፣ አልደብቃችሁም። ልጆቹን በቡድን ከፍዬ «ጻፉ» አልኳቸው። ይዘውልኝ የመጡት ሆዱ ላይ ትራስ ያሰረ ፈረንጅ፣ አለንጋ የያዘ ካቦ፣ እና መጨረሻ ላይ እጁን ሰቅሎ ለስድስት ደቂቃ የሚናገር መሪ ነው። ፈረንጁ በወጣ ቁጥር አዳራሹ በሳቅ ይሞታል። ይባስ ብሎ ከደቡብ የመጣውን ሸንኮራ ቆራጭ የሚጫወተው ልጅ አማርኛውን እያጣመመ ማውራት ጀመረ፣ ሳቁ ጣራ ነካ፣ እኔ ግን ከኋላ ወንበር አንዲት ቤተሰቦቿ ከከምባታ የመጡ ተማሪ አንገቷን ስትደፋ አየኋት። እስካሁን ድራማ ሲባል እሷ ናት የምትታየኝ። በማግስቱ «ሠራተኛው የጠየቀው ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የመለሰ የለም። ትራሱን ግን ሁሉም ያስታውሱታል።

ርእሰ መምህራችን ደግሞ «አድማ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል። «ሌላ ርእስ ጠፋ?» ነው ያሉኝ።

እና ጥያቄዬ። አድማ ማለት እኮ ሥራ አለመሥራት ነው። ምንም አለመሥራትን እንዴት ነው ድራማ የምታደርገው? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።


መጋረጃ

መምህር፣ መጀመሪያ ትራሱን ጣል። እኔ የተማርኩት ቲያትር ነው፣ አሁን በየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያና የድራማ ክበብ ልጆችን አሠለጥናለሁ። ትራስ ያላሰረ ፈረንጅ እስካሁን አልገጠመኝም ሃሃሃ።

አሠሪውን ጭራሽ አታውጣው። በር አድርገው። አንድ የተዘጋ በር። ሠራተኛው ያንኳኳል፣ ይጠብቃል፣ ወረቀት በበሩ ሥር ሾልኮ ይወጣል፣ ያነበዋል ወይ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። በር ላይ ማን ይስቃል?

«ምንም አለመሥራት» ያልከው ነገር ደግሞ ስጦታህ ነው። 58 ልጅ አለህ፣ ማለት 58 ማሽን አለህ። አንዱ ዴስክ ይምታ፣ አንዱ መሬት ይርገጥ፣ ሁለቱ እጃቸውን ያፋትጉ፣ አንዷ በጥርሷ መካከል ታፏጭ። ምት አስይዛቸውና ድራማው ከመጀመሩ በፊት ጀምሮ ይምቱ። ተመልካቹ እስኪለምደው፣ ጆሮው እስኪረሳው ድረስ ይምቱ። አድማው ሲደርስ አንድ በአንድ ያቁሙ። በአንዴ አይደለም፣ አደራ። አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ሲመታ ይቆይ። ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል። ይኼ ልጅ ማነው? ለምን አላቆመም? ፈርቶ ነው? ልጁ ታሞበት ነው? ድራማህን እሱ ላይ ነው መሥራት ያለብህ፣ እጁን የሰቀለው መሪ ላይ አይደለም።

አንድ ትዕይንት ደግሞ ቤት ውስጥ ስጠኝ። የካቲት 27 ማታ። ባልና ሚስት፣ አንድ ኩራዝ፣ አንድ የባለሱቅ የዱቤ ደብተር። «ነገ ትገባለህ ወይስ አትገባም?» ትለዋለች። ስለ መደብ ትግል አንድ ቃል አይውጣቸው። ስለ ዱቤው ያውሩ። ዘይት ስንት፣ ጤፍ ስንት፣ ደመወዝ ስንት ቀን ቀረው። ዋጋዎቹን ግን ከአየር እንዳታወጣ፤ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሄደህ የዚያን ወር አዲስ ዘመን ጋዜጣ ገልብጥ፣ ወይ ልጆቹ አያቶቻቸውን ይጠይቁ።


የባቡር ልጅ

ሰላም ልጆች። በስልክ መጻፍ ያታክተኛል፣ ፊደል ከሳትኩ እለፉት።

የ66ቱ አድማ ከሰማይ ዱብ አላለም፤ ድራማው ከዚያ ከጀመረ ልጆቹ ሠራተኛ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ አመፀ ነው የሚመስላቸው። እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግሁት፣ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በፈረንጅ 1902 ነው፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1917 ፈጅቶበታል። ባቡሩ የሐረርን ዳገት አልወጣም ስላለ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ሰው ሁሉ የባቡሩን ድምፅ ሰምቶ ነበር ሰዓት የሚያውቀው። ወረቀቱ ፈረንሳይኛ፣ አለቃው ፈረንሳይኛ፣ ሠራተኛው ሶማሊ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሐረሪ፣ ዓረብ፣ ሁሉም ፈረንሳይኛውን እየሰባበረ የሚግባባበት ቦታ ነበር።

እዚያ ነው መደራጀት ቀድሞ የተጀመረው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የባቡር ሠራተኞች አድማ መትተው ጦር ገብቶ ነው በኃይል የበተናቸው። ይኼን አብዛኛው ሰው አያውቅም። ያኔ የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር በሕግ አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ላይ የመደራጀት መብት ተጽፎ ነበር፣ ግን ማኅበር ለማቋቋም የሚያስችለው ድንጋጌ የወጣው በ1954 ማብቂያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ዕውቅና ያገኘው በ1955 ሚያዝያ። በመሀል ሰው ምን ሲያደርግ ነበር? እድር ውስጥ ነበር!

ልጆች እድር ሲባሉ ቀብርና ድንኳን ብቻ ነው የሚመስላቸው። የሠራተኛ እድር ግን የታመመውን ይረዳል፣ የተባረረውን ይደግፋል፣ ሰውን ያሰባስባል፣ አንዴ ከተሰበሰበ ደግሞ ወሬው የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። መምህር፣ አንተም በጀት የለኝም ብለሃል። የእድር ስብሰባ መድረክ ላይ ለማውጣት አንድ ደብተርና አንድ ጥሩምባ ይበቃል። ጥሩምባ ነፊውን ተራኪ አድርገው። ሰው ሲሞት የሚነፋው ሰውዬ፣ ያን ቀን ማንም ሳይሞት ይነፋል። ይኼኛው የእኔ ፈጠራ ነው፣ ታሪክ ነው ብለህ እንዳትጽፈው።

አረጋውያን ስታናግሩ ደግሞ «ስለ ትግሉ ይንገሩን» አትበሉ። ሰውዬው ወዲያው ንግግር ይጀምራል፤ ከሬዲዮ የሰማውን ነው የሚደግምላችሁ። «ምሳ ምን ይዘው ይሄዱ ነበር? ማን ነበር የሚቋጥርልዎት? ጫማዎ ምን ዓይነት ነበር?» በሉ። አባቴን እንደዚያ ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ዛሬ ብዙ አውቅ ነበር።


ሰኞ ማክሰኞ

ጋሽ የባቡር ልጅ እጅ ነሥቻለሁ። መምህር ድራማው ሲደርስ በስልክ ቅረጹና ላኩልን በቃ።


የኪነት ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ ደስታውን ላደፈርስ ነው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ቱታ ለብሰን፣ ከካርቶን የተሠራ መዶሻ ይዘን ስለ ወዝ አደር ዘፍነናል፣ ድራማ ሠርተናል። ዘወትር እናሸንፋለን። ከበርቴው ይወድቃል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፣ ቀበሌው ያጨበጭባል፣ ለውድድር ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛ እናልፋለን። ያን ሁሉ ዓመት ስዘፍንለት አንድ ወዝ አደር እንኳ ምን እንደሚፈልግ ጠይቄ አላውቅም። ጎረቤታችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበሩ የሚሠሩት። አንድ ቀን ከልምምድ ስመለስ ቱታዬን አይተው «እኔ እንኳ እንዲህ ያለ አዲስ የለኝም» አሉኝ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ አልገባኝም።

ትልቅ ሆኜ ነው ቀሪውን ያወቅሁት። ያ አንድነት ማኅበር እኮ በ1965 ገደማ 167 ማኅበራትና ወደ 80 ሺህ አባል ነበረው፣ ጃንሆይ ሲወርዱ ደግሞ ወታደሮቹን «ሥልጣኑን ለሕዝብ መንግሥት አስረክቡ» ካሉት መጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። ግንቦት 1967 ላይ ጽሕፈት ቤቱን ዘጉት። ትንሽ ቆይተው፣ 1968 ላይ፣ ጭራሽ አፈረሱት። በ1969 በሌላ ማኅበር ተኩት፣ የአዲሱ የመጀመሪያ ሊቀ መንበርም ብዙ ሳይቆይ ተገደለ። ማለት፣ እኛ መድረክ ላይ አድማ ስንመታ እውነተኛው ሠራተኛ አድማ መምታት አይችልም ነበር።

ስለዚህ መምህር፣ ርእሰ መምህሩን ፈሪ ብለህ አትለፋቸው። የእኛ ትውልድ ወላጆች አዳራሽ ገብተው ልጆቻቸው እጃቸውን ጨብጠው ሲፎክሩ ካዩ ሌላ ነገር ነው የሚታያቸው። ከመካከላቸው ወንድም የቀበሩ አሉ። ከሠራህም በድል አትጨርሰው። የ66ቱ አድማ ያበቃው በስምምነት ነው፤ አዲሱ የእንዳልካቸው መንግሥት ጥያቄዎቹን እመለከታለሁ አለ፣ ሰው ወደ ሥራ ተመለሰ፣ ከዚያ ደግሞ ቃል የተገባው አልመጣም ብሎ በየመሥሪያ ቤቱ እንደገና ማቆም ጀመረ። እንደዚያው ተንጠልጥሎ ይለቅ።


መጋረጃ

የኪነት ልጅ፣ አመሰግናለሁ፣ እኔም ያደግሁት እነዚያን መድረኮች እያየሁ ነው፤ እጅ መስቀሉም ከዚያ የወረስነው ሳይሆን አይቀርም። የመምህሩ ተማሪዎች ደርግን አላዩም፣ ምልክቱን ግን ሳያውቁት ተሸክመውታል።


እሰጥ አገባ

እኔ ደግሞ ሁላችሁም ፈረንጅ መድረክ ላይ ነው ያላችሁት እላለሁ። መጋረጃ፣ ትዕይንት፣ ተመልካች። እኛ እኮ የራሳችን አለን። በላ ልበልሃ!

ለማያውቁት፣ ድሮ ሙግት የሚካሄደው አደባባይ ላይ ነው፣ ዛፍ ሥር። ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ዘንግ ይዘው፣ ቃሉን በግጥም እያሾሩ ይጠያየቃሉ። «በላ ልበልሃ!» ይላል አንዱ፣ «ተጠየቅ!» ይላል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ማር ወይ በቅሎ ያስይዛሉ፣ እሰጥ አገባ የምንለውም ከዚያ ነው። ይኼ ቲያትር ካልሆነ ምንድነው ቲያትር?

መምህር እንዲህ አድርግ። በአንድ ወገን የሠራተኛው ተወካይ፣ በሌላው የድርጅቱ ጠበቃ። ሠራተኛው የጠየቀው ነገር ጭብጡ ይሁን፤ የደመወዝ ወለል፣ ጡረታ፣ የመንግሥት ሠራተኛው እንዲደራጅ መፍቀድ፣ የኑሮ ውድነቱ። ልጆቹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ግጥምም ማስረጃም ማምጣት አለባቸው። ያለማስረጃ የተናገረ ይሸነፋል። ያኔ ፈተና ላይ «ሠራተኛው ምን ጠየቀ» ስትል የማይመልስ ልጅ አይኖርህም፣ ምክንያቱም ራሱ ተከራክሮበታል።

ምክሬ አንድ ናት፦ የክፍሉን ምርጥ ተናጋሪ ለአሠሪው ስጠው። አዎ ለአሠሪው። «የነዳጅ ዋጋ ጨምሮብኛል፣ ደመወዝ ከጨመርኩ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሌላ ሺህ ሰው በር ላይ ቆሞ ሥራ ይለምናል» ይበል፣ ጥሩ አድርጎ ይበለው። ነዳጁም እውነት ነው፤ በዓለም ላይ ዋጋው የናረበት ዓመት ነበር፣ የካቲት 11 ታክሲዎቹ የቆሙትም በሱ ነው። ሠራተኛው ያን ካሸነፈ ያሸነፈ ነው። ትራስ ያሰረ ማሸነፍማ ምን ያቅታል።

ለርእሰ መምህሩም «የባህላዊ ሙግት ዝግጅት» ነው በላቸው። ውሸት አይደለም።


ፀሐይ ስትጠልቅ

እኔ ሜሪላንድ ነው የማስተምረው። አንድ ታሪክ ልጣልባችሁ፣ ለመምህሩ ይጠቅማል።

በፈረንጅ 1913፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፓተርሰን በምትባል ከተማ የሐር ፋብሪካ ሠራተኞች ወራት የፈጀ አድማ ላይ ነበሩ። ደጋፊዎቻቸው አንድ ሐሳብ አመጡ፣ አድማችሁን ራሳችሁ ተጫወቱት አሏቸው። ሰኔ 7 ቀን ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ኒው ዮርክ ገብተው፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ራሳቸውን ሆነው ተጫወቱ። ፋብሪካው ሲቆም፣ ፖሊስ ሲመታቸው፣ የሞተ ጓዳቸውን ሲቀብሩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጉድ ተባለ።

ግን ገንዘብ ከሰረ። ለአድመኛው ይመጣል የተባለው ብር አልመጣም። ከዚያ የከፋው፣ ማን መድረክ ይውጣ በሚለው ቅናት ገባ፣ እዚያ ልምምድ ሲሮጡ እዚህ የፋብሪካው በር ላይ የሚቆመው ሰው ሳሳ። በጋው ሳያልቅ አድማው ተሸነፈ።

58 ተማሪ አለኝ ስትል ይኼ ነው የመጣብኝ። ማን ይጫወት የሚለው ጉዳይ ቀላል አይደለም። እኔ ክፍሌ ውስጥ ዋና ገጸ ባሕርይ የሚባል አጥፍቻለሁ፤ ኮፍያውን ያደረገ ሁሉ ያ ሰው ነው፣ ኮፍያው በየትዕይንቱ ይተላለፋል። ሁሉም ለሁለት ደቂቃ ሠራተኛ ይሆናል፣ ለሁለት ደቂቃ ካቦ ይሆናል። ካቦ የሆነ ልጅ ፊቱ ሲለወጥ ታየዋለህ።


ሸንኮራ

እኔ የወንጂ ካምፕ ልጅ ነኝ። መምህር ስለ አነጋገር ማጣመሙ የጻፍከውን ሳነብ ለደቂቃ ስልኩን አስቀመጥኩት። በትምህርት ቤት ዘመኔ ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቀኝ።

ሕግ አውጣ። አንድ ሕግ ብቻ፦ ማንም የማንንም አነጋገር አይኮርጅም። ሰውዬው በቋንቋው ይናገር ከተባለ ደግሞ በቋንቋው ይናገር፣ ከምባትኛ የምትችል ልጅ ካለች በከምባትኛ ትናገር፣ አዳራሹ አይገባውም፣ አይግባው። ያኔ ካምፕ ውስጥ እንደዚያ ነበር። ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ የመጣው፣ የአካባቢው ኦሮሞ፣ ከሰሜን የመጣው፣ አለቆቹ ሆላንዶች። ኤች ቪ ኤ የሚባለው ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ላይ ሲጠበው ወደዚህ የመጣ ነው፤ ከመንግሥት ጋር የተፈራረመው በፈረንጅ 1951፣ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1954። ይኼም ለልጆቹ ይገርማቸዋል፤ የሰፈራቸው ስኳር ታሪክ ጃቫ ደሴት ድረስ ይሄዳል።

ሌላው፣ ሁላችሁም የጻፋችሁት ላይ ሴት ያለችው የዱቤ ደብተር ይዛ ቤት ውስጥ ነው። ሃ! አዲስ አበባ ቡና የሚለቅሙት እነማን ነበሩ? መጋዘን ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ጥቁሩን ከደህናው የሚለዩት? ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ክር የሚቀጥሉት? ቡና ለቀማ ደግሞ ለመድረክ እንዴት እንደሚመች። አሥር ሴት ልጆች ክብ ሠርተው፣ ሰፌድ ይዘው፣ እጃቸው ሳያቋርጥ እየሄደ ያወራሉ። የሽሮ ክክ ስጧቸው። በነፃ ይገኛል።

መምህራንንም ረስታችኋል። የካቲት 11 ቀን ከታክሲው ጋር የቆሙት መምህራን እኮ ናቸው፣ ሴክተር ሪቪው የሚሉትን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው። ካህናት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው የወጡበት ጊዜ ነው። መምህር፣ አንተ ራስህ አንድ ትዕይንት ላይ ግባ። ጠመኔህን አስቀምጠህ ከክፍል ውጣ። ተማሪዎችህ በሕይወታቸው አይረሱትም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ አካባቢ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ በጥርሱ ይታወቃል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያጠይማል፣ ለረጅም ዓመት ሲጠጣ አጥንት ድረስ ይገባል። ይኼ የወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ የተጠና ነገር ነው። ልጆችህ አያቶቻቸው ለምን አንገታቸውን አዙረው እንደማያዩ አስበውበት አያውቁ ይሆናል። ሜካፕ አድርገህ አታሳየው። አንድ ሽማግሌ የሚጫወት ልጅ ውኃ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ትንሽ አየት አድርጎ ይጠጣ። የሚያውቅ ያውቀዋል።


መጋረጃ

ብርጭቆው!! ሸንኮራ፣ ሥራሽን ልቀቂና ወደኛ ነይ።

መምህር አንድ መንገድ ልጨምርልህ። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል የሚታወቅበት ዘዴ አለ፤ ድራማውን እስከ ችግሩ ድረስ ትጫወታለህ፣ ከዚያ እንደገና ትጀምረዋለህ፣ ተመልካቹ ግን «ቁም!» ማለት ይችላል። ያለው ሰው ተነሥቶ በተጫዋቹ ቦታ ይገባል፣ የራሱን ውሳኔ ይሞክራል። የማታው ትዕይንት ላይ ሞክረው። አንዱ አባት ከወላጆች ወንበር ተነሥቶ ቢገባ አስበው።


እሰጥ አገባ

መንገደኛው ቆሞ መፍረዱ እኮ ነው። በብራዚል በኩል ዞሮ መጣ።


ጠመኔ (ጠያቂ)

ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም።

ለርእሰ መምህሩ «የሙግት ዝግጅት» አልኳቸው፣ «በላ ልበልሃ» ስላቸው ፈገግ አሉ፣ አባታቸው ጎበዝ ተሟጋች ነበሩ ለካ። ግን ስክሪፕቱን አስቀድሜ አንብቤ ብለዋል። ይሁን። የኪነት ልጅ ያለችውን ካነበብኩ በኋላ ሰውዬውን በሌላ ዓይን ነው ያየኋቸው።

ድራማ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። ክፍሉ መሀል መሬት ላይ በጠመኔ መስመር አሠመርኩ። ለእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት ሰጠሁት፤ አንዱ የስድስት ልጆች አባት፣ አንዱ ትናንት የተቀጠረ፣ አንዷ ቡና ለቃሚ፣ አንዱ የማኅበር ፀሐፊ፣ አንዱ ካቦ፣ አንዱ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው። የካቲት 28 ጠዋት ነው አልኳቸው። አድማ የምትወጡ በመስኮቱ በኩል፣ ሥራ የምትገቡ በበሩ በኩል። 41 ወጡ፣ 11 ገቡ፣ ስድስቱ መስመሩ ላይ ቀሩ። የወጡት በገቡት ላይ መጮህ ጀመሩ፣ አልከለከልኳቸውም።

«ሁለተኛ ቀን። ባለሱቁ ዱቤ ዘግቷል» አልኩ። ዘጠኝ ልጆች ተሻገሩ። ሳቁ ቀነሰ። «ሦስተኛ ቀን። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሎችም ቆመዋል የሚል ወሬ መጣ» አልኩ፣ አምስቱ ተመለሱ። የሚገርመው ካቦው በዚህ ጊዜ ወደ መስኮቱ መጣ። «ብቻዬን እዚያ ምን እሠራለሁ» አለ።

አንገቷን የደፋችው ልጅ፣ ያልኳችሁ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ መስመሩ ላይ ነበረች። ወረቀቷ ላይ ያለው «ሸንኮራ ቆራጭ፣ ወቅታዊ ሠራተኛ» ነው። አራተኛ ቀን፣ ስምምነት ላይ ተደረሰ፣ ወደ ሥራ ተመለሱ ስል እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ ቋሚ አይደለሁም። እኔንም ይመልሱኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ክፍሉም ዝም አለ፣ ለካ ማንም ስለ ወቅታዊ ሠራተኛ አላሰበም፣ እኔም ራሴ ወረቀቱን ስጽፍ ቁጥር ለመሙላት ነው የጻፍኩት። ከዚያ ቀስ ብላ አያቷ እንደዚያ እንደነበሩና በሕይወት እንዳሉ ነገረችኝ። ቅዳሜ እሷና ሌሎች አራት ተማሪዎች ሆነን ቤታቸው እንሄዳለን። ጥያቄዎቹን በጋሽ የባቡር ልጅ መንገድ ነው ያዘጋጀነው፣ ከምሳው ነው የምንጀምረው። ድራማውም ከሷ ጥያቄ እንዲነሣ ወስነናል፣ የማሽኑን ምት መጨረሻ ላይ ብቻዋን የምትመታውም እሷ ናት። ራሷ ነች የጠየቀችኝ።

አሁን የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይገባም፣ ቡናና ስኳር ይዘን ልንሄድ ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን ሸንኮራ ለቆረጠ ሰው ስኳር ይዞ መሄድ ነውር አይሆንም?


ሸንኮራ

ቡናውን ብቻ ያዝ። ስኳሩን እሳቸው ያቀርቡላችኋል፣ እምቢ እንዳትሉ።